የማይሽከረከረው በርሜል

መምህር ወንዳወቅ ፍኖተ ሰላም ውስጥ በሚያስተምርበት ትምህርት ቤት፣ ቤተ ሙከራው ወለል ላይ ተዘርሮ፣ ሞቶ ተገኘ። ሽቦ የጨበጠው መዳፉ ከስሏል። ኢንስፔክተር አምለሰት አጠገቡ በርከክ ስትል ወጣትነቱ አንጀቷን በላው።

ሽቦው የተጠመጠመው በአንድ የብረት በርሜል ዙሪያ ነበር።

«ምንድን ነው ይኼ?»

«የጥቁር ጉድጓድ ማሳያ» አሉ አንጋፋው የፊዚክስ መምህር ሀይሉ፤ ሟቹን ከልጅነቱ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። «ሞቶ የተኮማተረ ኮከብ ብርሃንን ሳይቀር ይውጣል። የሚሽከረከር ከሆነ ግን የላኩበት ሞገድ ከሽክርክሪቱ ጉልበት ነጥቆ፣ በርትቶ ይመለሳል፤ ጉድጓዱም በዚያው ልክ ይዘገያል። በርሜሉ የተሠራው በሞተር እየዞረ ያንን ለማሳየት ነው፤ ሞገዱ የሚላከውም የሚመለሰውም በሽቦው ነው። ትናንት ከሰዓት በዚህ ሳልፍ ሲያጓራ ሰምቼዋለሁ። ጉልበቱ ከልክ አልፎ መታው፤ ምስኪን!»

«ካልተሽከረከረስ?»

«ካልተሽከረከረማ ምን ሊሰጥ!»

የሟቹ ሚስት ሰብሊ እንባዋ ደርቋል። «ትናንት ጧት ተኳርፈን ነው የወጣው» አለች። «ከእኔ ይልቅ ከዚህ ብረት ጋር ነው የምትውለው ብዬው።»

«የቤተ ሙከራው ቁልፍ ማን ዘንድ አለ?»

«አንዱ እሱ ዘንድ፣ አንዱ ጋሼ ሀይሉ ዘንድ።»

አምለሰት ከጠረጴዛው ጀርባ ከግድግዳው የኤሌክትሪክ መስመር ተቀጥሎ ከበርሜሉ ሽቦ ጋር የተያያዘ ሌላ ሽቦ አገኘች። የሞተሩን መሸፈኛ ስታነሳም በርሜሉን የሚያዞረው የጎማ ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ የለም። በርሜሉን ወደ ሠራው ብረት ሠሪ፣ ወደ ሙንዲር፣ ቡሬ ከተማ ሄደች።

«ተበጥሶበት ትናንት ጧት ራሱ አምጥቶልኛል» አለ ሙንዲር ቺንጋውን እያሳያት። «ልኩን ልፈልግለት ነበር። ነፍስ ይማር!»

በማግስቱ መምህር ሀይሉን፣ ሰብሊንና ሙንዲርን ቤተ ሙከራው ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ወንዳወቅ ሽቦውን በባዶ እጁ የነካው በርሜሉ ስለቆመ ነው። ካልዞረ ጉልበት እንደማይሰጥ ያውቃል። ስለዚህ የገደለው ከግድግዳው የመጣው ኤሌክትሪክ ነው፤ የቀጠለውም ቁልፍ ያለው ሰው። መምህር፣ እርስዎ በርሜሉ ሲያጓራ ሰማሁ አሉኝ። ቺንጋው ግን ከዚያን ዕለት ጧት ጀምሮ ቡሬ ነበር። መሸፈኛው ስለጋረደዎ ቺንጋው አለመኖሩን አላወቁም።»



«ፊደል አስቆጥሬ ያስተማርኩት እኔ ነኝ» አሉ መምህር ሀይሉ። «አገሩ ሁሉ ወንዳወቅ፣ ወንዳወቅ! እኔን የሚያስታውስ ማን አለ?»

«እሱ ነበረ» አለች ሰብሊ። «ባሕር ዳር በርሜሉን በሚያሳይበት ጉባኤ ላይ መድረኩን ለእርስዎ ሊለቅልዎ ነበር፤ ድንገት ሊያስደስትዎ ብሎ ነው የደበቀዎ።»

ሽማግሌው እጃቸውን ዘረጉ። አምለሰት ካቴናውን ስታስገባላቸው ሰብሊ አልተመለከተችም። የባሏን ኮት ከወንበሩ ላይ አንስታ፣ አቧራውን አራግፋ ወጣች።