የሳቢራን ግሉኮስ ማን ከፈተው?

ኢንስፔክተር ወለተሥላሴ ቦንጋ ከተማ ወደሚገኘው ክሊኒክ ስትደርስ የሰባት ዓመቷ ሳቢራ ሞታ አንሶላ ተሸፍና ነበር። ከአልጋዋ በላይ የተሰቀለው የግሉኮስ ከረጢት ባዶ ነው፤ መቆጣጠሪያው እስከ መጨረሻው ተከፍቷል።

አባቷ ሰማን ከጎን ያለውን ክፍል በር ዘግቶ ቆሟል። ውስጥ ታናሽ ወንድሟ ሙዝደሊፋ እንደ እሷው ታሞ ተኝቷል።

«ልጄን የገደለች ነርስ ሁለተኛውን አትነካም!»

ነርሷ ፀደንያ ወደ በሩ ተጠጋች። «ጋሽ ሰማን፣ ልጁ በየጊዜው መታየት አለበት! ያሳልፉኝ!»

ወለተሥላሴ ጊዜ እንደሌላት ገባት። ሐኪሙን ኢያሱን ወደ ጎን ሳበችው።

«ምን ገደላት?»

«ሁለቱም ከድሬዳዋ የደንጊ ትኩሳት ይዘው ነው የመጡት። ሳቢራ ስትገባ እጅ እግሯ ቀዝቅዞ፣ የልብ ምቷ ደክሞ ነበር። ፈሳሹን በፍጥነት ስለቅላት ዓይኗን ገለጠች። ከዚያ ወዲያ ግን ካልተቀነሰ ከደም ሥሯ እየወጣ ሳንባዋን ያጥለቀልቃል። ራሴ ቀነስኩት። ኋላ የከፈተው ሰው አፍኗታል።»

«ሲቀንሱት ማን ነበር?»

«ፀደንያና እናትየዋ ሙፊዳ። ምክንያቱንም ነግሬያቸዋለሁ፤ ሰማን ግን ከሙዝደሊፋ አጠገብ አልተነሳም። ከዚያ ሙዝደሊፋ አስመለሰውና ሁላችንም ወደሱ ሮጥን። መጨረሻ የወጣችው ፀደንያ ናት።»

የሙፊዳ ወንድም ሻፊ በረንዳው ላይ ራሱን ይዞ ተቀምጧል። የሳቢራ ክፍል መስኮት መስታወት እስከ ላይ ነጭ ቀለም ተቀብቷል።

«ከመኪና አውርጄ ያስገባኋት እኔ ነኝ» አለ። «ግሉኮሱ ሲወርድላት አየሁ፤ ወዲያው መድኃኒት ግዛ ተባልኩ። ስመለስ አልገባሁም፤ እዚሁ ነበርኩ። ያቺ ነርስ ግን ጨካኝ ናት! ጠብ፣ ጠብ እያደረገች ለሕፃን ውሃ ትነፍጋለች?»

ወለተሥላሴ ወደ ሙፊዳ ሄደች። «ወንድምሽ ከተመለሰ ወዲህ አነጋግረሽዋል?»

«አላየሁትም» አለች ሙፊዳ።

ሌሎቹም እንዲሁ አሏት። ሁሉንም ከሰማን ፊት ሰበሰበቻቸው።

«ፀደንያ ፈሳሹ ለምን እንደተቀነሰ ሰምታለች፤ ሙፊዳም ሰምታለች። የከፈተው ግን ያልሰማ ሰው ነው። ሻፊ፣ ስትወጣ ግሉኮሱ እንዴት ነበር?»

«በኃይል ይወርድ ነበር።»

«የተቀነሰው አንተ ከወጣህ በኋላ ነው። ማንም አልነገረህም። በመስኮቱም አይታይም። ታዲያ ጠብ ጠብ ሲል የት አየኸው?»

ሻፊ ወደ ሙፊዳ ዞረ።

«ብቻዋን ነበረች... መጀመሪያ በብዙ ሲወርድላት እኮ ነው የነቃችው! እንደገና እንድትነቃ ብዬ ነው። በአላህ፣ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም!»

ሙፊዳ ጮኸች። ልትመታው እጇን አነሳች፤ ከዚያ በዚያው እጇ ፊቷን ሸፈነች።

«ለእሱም መንገር ነበረብን» አለ ኢያሱ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ከበሩ ወዲያ ሙዝደሊፋ ሳለ። ሰማን ደነገጠና ዘወር አለ።

«ግቢ፣ እህቴ» አላት ፀደንያን በሩን ከፍቶ። «እኔም ልግባ። መንካት የሌለብኝን ንገሪኝ።»