የቡ ቱሚኒ ቅጂ

ፕራሶጆ ፍላሹን በሲጋራ ፓኬት ውስጥ ከቶ ለሰውየው አቀበለው። ሱራባያ፣ የወፍ ገበያ፣ ረፋድ ላይ።

«ሁሉም አለበት?»

«የሽሮፑ ምድብ አርባ አንድ በሙሉ። የት እንደተላከ፣ ማን እንደፈረመ።»

«ጎበዝ። ሌላ ቅጂ አላስቀረህም?»

«በደንቡ መሠረት፣ አላስቀረሁም።»

የሰውየው የምስጢር ስም «አጎት» ነበር። ስድስት ዓመት አለቃው ነው።

ፕራሶጆም እውነተኛ ስሙ አይደለም። ሁለቱ የሚሠሩለት የመድኃኒት ቁጥጥር ቢሮ ከስምንት ወር በፊት የኮምፒውተር ባለሙያ አስመስሎ አንድ መድኃኒት አከፋፋይ ድርጅት ውስጥ አስገባው። የድርጅቱ የሳል ሽሮፕ አሥራ ዘጠኝ ሕፃናት ገድሏል። ማስረጃው ያለው በመጋዘኑ ፕሮግራም ውስጥ ነው፤ ፕሮግራሙ ደግሞ የሚሠራው በነፃው የዳታቤዝ እትም ላይ ነው። ነፃው እትም ከአሥር ጊጋባይት በላይ አይችልም። ባለቤቱ ሃንዶዮ ትልቁን እትም አልገዛም ብሎ፣ በሞላ ቁጥር የአንድ የድሮ ዓመት መዝገብ ያስጠፋል።

ዛሬ ተራው ሽሮፑ የወጣበት ዓመት ነበር። አጥፊው ደግሞ ራሱ ፕራሶጆ።

እምቢ ቢል ይነቃበታል። ማስረጃውን አስረክቧል። አጠፋው።

ከዚያ በመስኮት ወደ ድርጅቱ ግቢ አየ። አጎት ከሃንዶዮ መኪና እየወረደ ነበር። ሁለቱም ይስቃሉ።

ሸጦታል።

በኋላው ደረጃ ወደ መጋዘኑ ሮጠ። የመጋዘን ጸሐፊዋ ቡ (እማማ) ቱሚኒ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው ይጽፋሉ። ነፃው እትም በራሱ ሰዓት መጠባበቂያ ቅጂ አያስቀምጥም። ስለዚህ እሳቸው በየቀኑ ከመውጣታቸው በፊት በእጃቸው ዲስክ ላይ እየገለበጡ ቤት ይወስዳሉ። ማንም አላዘዛቸውም።

«ቡ ቱሚኒ፣ የትናንቱ ቅጂ እርስዎ ጋ ነው?»

«ምን ሆነሃል? ፊትህ አመድ መስሏል። ዛሬም ቁርስ አልበላህም?»

«ስለ ሽሮፑ ነው። ስለ ሕፃናቱ።»

ብዕራቸውን አስቀመጡ።

«አንተ የኮምፒውተር ሠራተኛ አይደለህም።»

«አይደለሁም።»

«የኔ ስም አለበት?»

«የለበትም።»

ፈገግ አሉ፤ ዓይናቸው ግን እንባ አቀረረ። «ልጄ፣ ወጪውን የምጽፈው እኔ ነኝ እኮ። እንዲህ ውሸት የማትችለውን ምን ብለው ለዚህ ሥራ ቀጠሩህ?» ዲስኩን ከቦርሳቸው አውጥተው እጁ ላይ አኖሩት። «ሽታው ተቀይሮ ነበር። ለሃንዶዮ ነገርኩት። ‹ፈርሚ› አለኝ፣ ፈረምኩ። በል፣ በጓሮ ውጣ።»

«እርስዎም ይምጡ።»

«በዚህ ጉልበቴ? ሂድ አልኩህ!»

ደረጃው ላይ የጫማ ኮቴ ተሰማ።

ወጣ። ከኋላው የቡ ቱሚኒ ድምፅ ደረሰው፤ «ልጁን ነው? አሁን ወደ ሰገነቱ ወጣ!»

ቢሮው አልሄደም። ማንን ይመን? በሞተር ታክሲ ባቡር ጣቢያ ደረሰ። ዲስኩን ሆዱ ላይ ታጥቆ ጃካርታ ገባና ለዋናው ዐቃቤ ሕግ በእጁ ሰጠ።

አጎት አውሮፕላን ማረፊያ ተያዘ። ሃንዶዮ አሥራ አራት ዓመት ተፈረደበት። ቡ ቱሚኒም ስለ ፊርማቸው ተከሰሱ። ፕራሶጆ፣ ዲስኩን የሰጡት ቡ ቱሚኒ መሆናቸው ለፍርድ ቤት እንዲነገር ሦስት ደብዳቤ ጻፈ። ሦስቱም ጊዜ ከቢሮው አንድ መልስ መጣ፤ «ምንጭ አይገለጽም።» ራሱ ተነስቶ መናገር ይችል ነበር። አልተነሳም።

የፍርዱ ዕለት ኮፍያውን ዝቅ አድርጎ መጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ዳኛው «አራት ዓመት» ብለው ሲፈርዱባቸው ቡ ቱሚኒ ዞር አሉ። ዓይናቸው ፊቱ ላይ አረፈ።

አወቁት።

ከዚያ እንደማንኛውም የማያውቁት ሰው አለፉትና ወደ በሩ አዩ።

በሳምንቱ ቢሮው በላከው አዲስ ተልእኮ ማካሳር ወደብ ላይ፣ በአንድ ዓሣ ላኪ ድርጅት ሥራ ጀመረ። መታወቂያው ዩስራን ይላል። ባልደረቦቹ ዝምተኛ ነው ብለው ትተውታል።