የዓለሙ ድርሻ

እኔ እንዲህ ያለ ነገር የማምን ሰው አልነበርሁም፣ ይኸን አስቀድሜ ልንገርህ፣ ኋላ «ባልቴቷ ቃዠች» እንዳትለኝ። የሰፈሩ ሴት ሁሉ ዛር ወረደበት፣ ጥላ ወጋው ሲል እኔ እስቅ ነበር፣ አንድ ደብተራ «ቤትሽ ላይ ጥላ አለ» ብሎ ቢመጣብኝ፣ «ቤቴ ላይ ያለው ጥላ የጣልያን ነው፣ እሱን ማስወጣት ከቻልህ ግባ» ብዬ ከደጃፍ መልሼዋለሁ። ምላሴ እንዲህ ነው፣ እናቴም በዚሁ ስትረግመኝ ኖራ ሞታለች። እና አሁን የምነግርህ፣ ወዳጄ፣ በዓይኔ ያየሁትን ነው እንጂ ከሰው የሰማሁትን አይደለም።

አገራችን ከደብረ ኤልያስ ወዲህ ነው። ጣልያን ደብረ ማርቆስ ላይ ምሽጉን ሠርቶ በየገጠሩ ባንዳ የበተነበት ጊዜ ነው። ባሌ ዓለሙ ጫካ ገብቷል፣ ቅኔ ተምሮ ቅኔውን ትቶ አራሽ የሆነ፣ እርሻውንም ትቶ ጠመንጃ ያነሣ ሰው ነው፣ አንድ ነገር ላይ አይረጋም እያልሁ እነዘንዘው ነበር። ጎረቤታችን ጥሩነህ ደግሞ ለጣልያን አደረ። ጥሩነህ፣ ስሙን አየህልኝ፣ ምን ታይቷቸው እንዳወጡለት እንጃ። አንድ ቀን ጣልያኖቹን እየመራ መጣና «የሽፍታው ቤት ይኸ ነው» አላቸው፣ ቤቱንም ጎተራውንም አቃጠሉት። እኔ የስምንት ወር ልጄን ትሁንን አዝዬ፣ የዓለሙን የዝናብ ገሳ ከላይ ደርቤባት ሸለቆ ወረድሁ፣ ዝናብ ላይ ዋልን፣ ዝናብ ላይ አደርን፣ በሦስተኛው ቀን ጀርባዬ ላይ ቀዘቀዘችብኝ። ሳወርዳት ሞታለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእግዚአብሔር ጋር ተጣላሁ። ቤተ ክርስቲያናችንም ስለተቃጠለ ቄሶቹ በሳር ዳስ ይቀድሱ ነበር፣ ሰው ነጠላውን አጣፍቶ ወደዚያ ሲሄድ እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ አረሜን አርም ነበር። «ተመስገን» የሚል ሰው ስሰማ ደሜ ይፈላል። ልጄን ወስዶ ጥሩነህን በደኅና ያኖረውን ነው የማመሰግነው እል ነበር፣ ጮክ ብዬም እለው ነበር፣ ሰው ይስማኝ ብዬ።

ማኅበር አለን፣ የእመቤታችን፣ በየወሩ በሃያ አንድ። አሥራ ሁለት ነን፣ ጽዋው በየተራ ከቤት ቤት ይዞራል፣ ባለተራው ዳቦ ይጋግራል፣ ጠላ ይጠምቃል፣ መምሬ ካሳ ይባርካሉ፣ ከዚያ ጽዋውን የሚቀጥለው ሰው በእልልታ ይዞ ይሄዳል። ዓለሙ አለበት፣ ጥሩነህም አለበት፣ ለጣልያን ካደረ በኋላ እንኳ አልወጣም፣ ማን ደፍሮ ያስወጣዋል። አባል መንገድ ቢሄድ ቦታው ባዶ ይተውለታል፣ ድርሻውም ተቀድቶ ይቀመጥለታል፣ መሞቱ ተረጋግጦ ፍትሐት እስኪደረግለት ድረስ። ደግሞ አንድ ልማድ አለን፣ ይቺን ልብ በልልኝ። በሌላ ቤት ጠላ የሚቀዳ ሰው ለእንግዳው ከመስጠቱ በፊት በመዳፉ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል፣ ክፉ ነገር እንደሌለበት ማሳያ ነው። በጽዋ ቤት ግን አይቀመስም። እኛ ዘንድ ነውር ነው፣ እመቤቴን መጠርጠር ነው።

ጥሩነህ ባንዳ ከሆነ ወዲህ በሰው ቤት እህል ውሃ አይልም ነበር፣ የገዛ እናቱን እንኳ አስቀምሶ ነው የሚጠጣው። በጽዋ ቤት ብቻ ሳይቀመስለት ይጠጣል። ይኸን ያስተዋልሁ እኔ ነኝ።

የነሐሴ ተራ የኔ ነበር። መምሬ ካሳ መጡና «ልጄ አትጠገብ፣ ቤትሽም እህልሽም ነዷል፣ ተራሽን ሌላ ያንሣልሽ» አሉኝ። «አይሆንም አባ፣ ለምኜም ቢሆን አደርሳለሁ» አልኋቸው። ሽማግሌው ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ተመለስሽ፣ እሰይ፣ ልብሽን መለሰልሽ» ብለው መስቀላቸውን ግንባሬ ላይ አሳረፉት። መስቀሉን ተሳለምሁ። እውነቱን ከፈለግህ፣ ካደረግሁት ሁሉ እሳቸውን ማታለሌ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሥር አለ፣ የምን ሥር እንደሆነ አልነግርህም፣ ለማንም አይበጅም። ወቅጬ በጨርቅ ቋጠርሁት፣ ከንፈሩ የተሸረፈ ዋንጫ ነበረኝና እሱን ለጥሩነህ ለይቼ አስቀመጥሁ። ጽዋው ውስጥ አልጨመርሁም፣ ያን ያህል አልደፈርሁም፣ እመነኝ፣ የፈለግሁት አንዱን ሰው ብቻ ነው።

ቀኑ ደረሰ። ጉሙ ደጃፍ ድረስ መጥቶ ከብቱንም ሰዉንም ውጦታል፣ ረፋድ ላይ ጠላውን እያጠለልሁ ሳለሁ መቃኑ ተመታ፣ ሁለቴ፣ መታ መታ። ዓለሙ ወደ ቤት ሲገባ ሁልጊዜ በዱላው መቃኑን ሁለቴ መታ መታ ያደርግና ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ቤቶች እንኳ አይልም፣ ያቺው ናት ሰላምታው። ወጣሁ። ማንም የለም። ውሻዬ ግን ተጋድሞ ወደ ጉሙ እያየ ጅራቱን ይቆላል፣ ያ ውሻ ከኔና ከዓለሙ በቀር ለማንም ጅራቱን ቆልቶ አያውቅም። ደግሞስ ይኸን ጎጆ እኔ ነኝ ከቃጠሎው በኋላ ያቆምሁት፣ ዓለሙ አንድ ቀን እንኳ አልገባበትም፣ የት እንደሆነም አያውቅም። ነፋስ ነው አልሁና ወደ ሥራዬ ተመለስሁ።

ከቀትር በኋላ ሰዉ ገባ። ለዓለሙ መደቡ ላይ አጎዛ አንጥፌለታለሁ፣ ከራስጌው ደረቁ ገሳው ተሰቅሏል፣ ከሸለቆው ከተመለስሁ ወዲህ አልነካሁትም፣ ልጄ የሞተችው ከሥሩ ነዋ። ጥሩነህ መጨረሻ ላይ መጣ፣ ጠመንጃውን በር ላይ አስደገፈና ሄዶ ከባዶው አጎዛ አጠገብ ተቀመጠ።

«ለዓለሙም አነጠፍሽለት?» አለኝ። «ሙቶም እንደሆን እኮ አይታወቅም።»

«ሲሞት አንተ ትነግረኛለህ፣ ሥራህ አይደል?» አልሁት።

ሰዉ ሁሉ መሬት መሬቱን አየ። መምሬ ካሳ ቶሎ ብለው ጸሎቱን ጀመሩ፣ ሲጨርሱም እንደ ወጉ ቆመው፣ «እንግዲህ ጽዋ በቂም አይቀመስም፣ የተቀያየመ ያለ እንደሆነ ይናገርና እናስታርቀው። አለ?» ብለው ጠየቁ። ሁሉም «የለም» አለ። ዞረው እኔን አዩኝ። «የለም» አልሁ።

ያን ጊዜ ከባዶው አጎዛ ላይ ጉሮሮ ተጠረገ።

የሌላ ሰው ይሆናል ትለኛለህ፣ እኔም ብዬዋለሁ። ግን አሥራ አምስት ዓመት አብሬው የኖርሁት ሰው ጉሮሮ ነው፣ ስዋሽ የሰማኝ ጊዜ የሚጠርጋት እሷው ናት፣ ከገበያ ስመለስ «ርካሽ ነው የገዛሁት» ስለው እንዲያ ያደርግ ነበር። መምሬ አልሰሙም፣ ሴቶቹም አልሰሙም። ጥሩነህ ግን ቀስ ብሎ ወደ ጎኑ ሲዞር አየሁት፣ ከዚያም ተነሥቶ አንድ ክንድ ያህል ፈቀቅ ብሎ ተቀመጠ።

ጽዋው ዞረ፣ ሁሉም ቀመሰ። እኔ ከጋኑ ዘንድ ሆኜ ዋንጫዎቹን ሞላሁ፣ የዓለሙን ድርሻ ገና አላስቀመጥሁለትም፣ በተሸረፈው ውስጥ ጨርቄን ፈታሁ። ወሰድሁለትና በሁለት እጄ ሰጠሁት፣ ወደ ጋኑም ተመለስሁ። ልቤ ምን ይል እንደነበር ታውቃለህ? ጠጣው፣ ጠጣው ይል ነበር። ሌላ ምንም አልነበረኝም፣ ልጅም አምላክም አልነበረኝም፣ ያቺ ዋንጫ ብቻ ነበረችኝ።

ጥሩነህ ወደ አፉ አስጠጋትና ቆመ። ጆሮውን ቀና አደረገ፣ የሚያናግሩትን ሰው የሚሰማ ይመስላል። ከዚያ ዋንጫዋን ከአፉ መለሰና ከዓለሙ አጎዛ ፊት አስቀመጣት።

«የባለቤቱ ይቅደም» አለ። ፌዝ አልነበረም፣ ፊቱ አመድ መስሏል።

ምን ልበል? አንሣው ብል ለምን ይባላል፣ ዝም ብል ደግሞ አንዱ ጎትቶ ይጠጣዋል። ለጥሩነህ ሌላ ቀዳሁለትና ዓይኔን ከዚያች ዋንጫ ሳልነቅል ቆምሁ፣ ዳቦ ሲቆረስ እንኳ አልተቀመጥሁም። መምሬ «ነዪ እንጂ አትጠገብ፣ ዳቦሽን ተቀበዪ» አሉኝ። ሄጄ ተቀበልሁ፣ ሦስት እርምጃ ናት፣ ጀርባዬን ያዞርሁት ለዚያች ያህል ብቻ ነው። ስመለስ ዋንጫዋ ባዶ ነበረች።

አንሥቼ አየኋት። አተላ እንኳ የላትም፣ በውሃ የታጠበች ትመስላለች። ማንም ከቦታው አልተነሣም። አጎዛውን ዳሰስሁት፣ ሞቋል። ቀና ስል ደግሞ ያ ደረቅ ገሳ ውሃ ያንጠባጥባል፣ ከሥሩ መሬቱ ረጥቧል፣ ጣራው እንዳያፈስ ያለበስሁት ራሴ ነኝ፣ በዚያ በኩል አንዲት ጠብታ አትወርድም ነበር።

አሁን የሚቀጥለውን ታምነኝ እንደሆን እንጃ። መጮህ ነበረብኝ፣ መፍራት ነበረብኝ። እኔ ላይ የመጣብኝ ግን ደስታ ነው። አልጠራሁትም፣ አልፈለግሁትምም፣ ሆዴ ውስጥ ለአንድ ዓመት ተቋጥሮ የኖረው ነገር ድንገት ተፈታ፣ ለትሁን አልቅሼላት አላውቅም ነበርና አለቀስሁላት፣ እያለቀስሁ ደግሞ እስቅ ነበር። ነፍስ አላጠፋሁም እኮ፣ የጨርቄን ቋጠሮ አንድ ሰው ከእጄ ወስዶልኛል። «ተመስገን» አልሁ፣ ጮክ ብዬ፣ ያ ስሰማው ደሜን የሚያፈላው ቃል ከገዛ አፌ ወጣ። ሴቶቹ ጽዋው ልቧን ነካት ብለው እልል አሉ፣ እኔም አብሬ እልል አልሁ፣ ጥሩነህ ጠመንጃውን ይዞ ሲወጣ እንኳ እልል እል ነበር። በማግስቱ ዳሱ ቤተ ክርስቲያን ሄድሁ፣ ከዚያ ወዲህም አንድ እሑድ አልቀረሁም።

እዚህ ላይ ባቆምልህ ደግ ነበር።

ከመስቀል በኋላ አንድ ደበሎ የለበሰ ጺማም ሰው «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ደጄ ቆመ። ተማሪ አልነበረም፣ የዓለሙ ጓድ ነው፣ ከዓባይ በረሃ ተደብቆ የመጣ። ዓለሙ ሞቷል አለኝ። መቼ ብዬ ጠየቅሁ፣ በነሐሴ ሃያ አንድ፣ ከቀትር በኋላ አለኝ። ዋሻ ውስጥ ነበሩ፣ ሁለት ቀን እህል አልቀመሱም፣ ዓለሙ ተጋድሞ ሳለ ብድግ ብሎ ተቀመጠ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ሪዙን በእጁ ጀርባ አበሰ፣ ሳቅ ብሎም «ጽዋዬን ጠጣሁ» አለ። ተመልሶ ተኛ። ሳይመሽ ሞተ።

«ቆስሎ ነበር?» አልሁት።

«አልቆሰለም። ወባ ነበረበት፣ ወባው ግን ሁላችንም ላይ ነበር» አለኝ።

ለመምሬ ካሳ ሁሉንም ተናዘዝሁ፣ ሥሩንም ጨርቁንም። «ዓለሙ የቅኔ ሰው ነው ልጄ» አሉኝ። «ጽዋ የሚለው ሞትን ነው፣ ጌታችንም ሞቱን ጽዋ ብሎ ጠርቶታል። ሰሙ የማኅበር ጽዋ ነው፣ ወርቁ ሞት ነው። ሰው ሞቱን ሲያውቀው እንዲህ ይላል፣ ሌላ አትፍቺው።»

«ሰሙም እውነት ቢሆንስ አባ?» አልኋቸው።

ንስሐዬን ሰጡኝና ሄዱ።

ጣልያን ወጣ፣ ጥሩነህ በምሕረት ቀረ፣ አርጅቶ በአልጋው ነው የሞተው። እስከ መጨረሻው ጠልቼዋለሁ፣ አልዋሽህም፣ እንዳልገድለው ተከለከልሁ እንጂ እንድወደው ማንም አላዘዘኝም። ታሞ ሊሞት ሲል ግን ሄጄ «ያን ቀን ዋንጫውን ለምን አስቀመጥኸው?» ብዬ ጠየቅሁት። አፍጥጦ አየኝ።

«አንቺ አይደለሽም እንዴ ያልሽኝ?» አለ። «በጆሮዬ ሥር ሆነሽ፣ ለዓለሙ አስቀድምለት፣ እሱ ይጠጣዋል አልሽኝ።»

እኔ ጋኑ ዘንድ ነበርሁ፣ ወዳጄ፣ ከጥሩነህ ስድስት እርምጃ ርቄ፣ አፌንም አልከፈትሁም።

ታዲያ ያን የመሰለ ደስታ ከማን ነው የመጣልኝ? አምላኬን ያገኘሁባት ሰዓት ባሌ የሞተባት ሰዓት ናት፣ አንዷን ሳመሰግን ሌላይቱ ትነሣብኛለች። አድኖኝ ነው ወይስ ገድዬው ነው፣ ወይስ ሁለቱም፣ አላውቀውም። በፍትሐቱ ዕለት የዓለሙ ድርሻ ይቅር አሉኝ፣ እምቢ አልሁ፣ ዛሬም በየሃያ አንዱ ለብቻዬም ብሆን አጎዛውን አነጥፌ እቀዳለታለሁ። ግን ከማስቀመጤ በፊት በመዳፌ ጠብ አድርጌ እቀምስለታለሁ። በጽዋ ቤት ነውር ነው ይሉኛል፣ ይበሉኝ።