ለጠየቀ ሁሉ «ይግቡ»

ይህን ስነግራችሁ የምትስቁብኝ አትጠፉም። ሳቁ... ግን በራሴ ላይ የደረሰ ነው።

ሌሊት እንዳይመስላችሁ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ነው፤ ፀሐዩ ሳሎኑን ሞልቶታል። የአራት ዓመት ልጄ መኝታ ቤት ተኝቷል። እኔ ምግብ ጠረጴዛው ላይ ላፕቶፔን ከፍቼ፣ ጃቫስክሪፕት በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ ሰርቨር መሥራት እየተማርኩ ነው።

አስተማሪዬ ታላቅ ወንድሜ ነው፤ በስልክ፣ ትዕግሥቱ እስኪያልቅ ድረስ። ያን ቀን የመጀመሪያዬን ሰርቨር ጻፍኩ። ሥራው ቀላል ነው፤ አንድ ሰው አንድ ገጽ ሲጠይቅ ጥያቄውን ስክሪኑ ላይ ይመዘግባል፣ መልስ ይሰጣል። እኔ ግን የጀማሪ ነገር ሆኖብኝ፣ የተጠየቀው ምን እንደሆነ ሳይለይ ለሁሉም «ይግቡ» ብሎ እንዲመልስ አደረግኩት።

ከእኔ ላፕቶፕ ውጪ ማንም ሊደርስበት አይችልም። ወንድሜ ይህን ደጋግሞ ነግሮኛል።

አስነሳሁት። እጄን ከኪቦርዱ አነሳሁ...

ስክሪኑ ላይ አንድ መስመር ወጣ፤ የተጠየቀው ገጽና መልሱ።

/በር — ይግቡ

ምንም አልነካሁም።

/ሳሎን — ይግቡ

ዘወር ብዬ አየሁ፤ ማንም የለም። ተነሥቼ ዋይፋዩን ነቀልኩት።

/ኮሪደር — ይግቡ

ለወንድሜ ደወልኩና የማየውን በሹክሹክታ አነበብኩለት። መጀመሪያ ቀለደብኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀኝ...

«እነዚህን ገጾች አንቺ ነሽ የጻፍሻቸው?»

«አይደለሁም።»

«ዝጊው። አሁኑኑ።»

የማቆሚያዎቹን ሁለት ቁልፎች ልጫን ስል በችኮላ ሳትኳቸው። እንደገና ተጫንኩ...

ሰርቨሩ ቆመ።

ግን አንድ መስመር ቀድሞኝ ነበር።

/መኝታ — ይግቡ

ልጄ!

እንዴት እንደሮጥኩ አላውቅም። በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። በሩን በረገድኩት።

ልጄ ነቅቷል። ደህና ነው። ተመስገን ልል አፌን ስከፍት... ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ።

«ቀስ በይ እማዬ... አሁን ገና ነው የተኛችው።»

ቦታ ለቆ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጧል።

ከጎኑ ያለው ብርድ ልብስ ቀስ እያለ... ከፍ ይላል... ዝቅ ይላል።