መኪኖቹ በሰው እርምጃ የሄዱበት መንገድ

መጀመሪያ አንድ ነገር እንግባባ፣ እኔ መዳፌን ሲበላኝ ገንዘብ ሊመጣ ነው ከማለት እጄን የምታጠብ፣ ግራ ዓይኔ ሲርገበገብ የዓይን ጠብታ የምገዛ ሰው ነኝ። ቢሮ ውስጥ ምሳ ሰዓት ላይ ክብ ሠርተው የሙት መንፈስ ወሬ የሚያወሩትን ባልደረቦቼን ሳይ፣ እነዚህን ለማስተማር የወጣው ገንዘብ አንጀቴን እየበላው ሳህኔን ይዤ ሌላ ጠረጴዛ የምሄድ ሰው ነኝ። ንቀቴ ዛሬም አልጎደለም፣ አሁን የምነግርህን ከሌላ ሰው ብሰማው ኖሮ ፊቱ ላይ ነበር የምስቅበት፣ አንተም ብትስቅ አልቀየምህም።

ሥራዬ የመንገድ ትራፊክ ነው። ዘመዶቼ ትራፊክ ፖሊስ እመስላቸዋለሁ፣ ማስረዳቱን ከተውኩት ቆይቻለሁ። ኮምፒውተር ላይ መንገዱን ከነኩርባው፣ ከነዳገቱ እሥላለሁ፣ በላዩ ላይ የሚመላለሱትን አውቶቡሶች፣ አይሱዙዎችና ሚኒባሶች እለቅበታለሁ፣ ከዚያ ይህን ብንዘጋ ምን ይሆናል፣ እዚያ ጋ በተራ ብናሳልፍስ እያልኩ እሞክራለሁ፣ ማንም ሳይሞት መሳሳት የሚቻልበት መንገድ ያ ብቻ ነው። ሲሙሌሽን ይባላል። አለቃዬ ግን «ጌም» ይለዋል፣ እሱ መንገድ የሚያውቀው ከመኪናው የኋላ ወንበር ነው፣ ያውም ተኝቶ።

በዚህ ክረምት ወደ መሐል ሜዳ በሚወስደው መንገድ ላይ በገደሉ አፋፍ የሚያልፈው ክፍል ሊጠገን ሆነ። ጥያቄው አንድ ነበር፣ ጥገናው እስኪያልቅ መኪኖች በቀረው ጠባብ መስመር ከሁለቱም አቅጣጫ ባንዴ ይለፉ ወይስ በተራ በተራ? አለቃዬ ባንዴ ይለፉ ብሎ ቀድሞ ወስኗል፣ ተራ ከተባለ ቅሬታ ይመጣል፣ ቅሬታ ከመጣ ስልክ ይጮኻል፣ እሱ ደግሞ ስልክ ማንሳት አይወድም። ከእኔ የሚፈልገው ፊርማ ብቻ ነበር።

ፕሮግራሙን ሳስኬደው ጠዋቱ ሰላም ነው፣ ከሰዓት በኋላ ላይ ግን መኪኖቹ አፋፉ ላይ ካለ አንድ የገጠር መገንጠያ ጀምረው በሰው እርምጃ መሄድ ያዙ። ከፊታቸው ምንም የለም። ትንሽ ይሄዳሉ፣ ቀጥ ብለው ይቆማሉ፣ ደግሞ ይሄዳሉ፣ ደግሞ ይቆማሉ፣ በመጨረሻ ወደ አንድ ቤተ ክርስቲያን የሚያስገባው ጥርጊያ ጋ ሲደርሱ ማንም እንዳልያዛቸው ወደየመንገዳቸው ይፈተለካሉ። መስመሩን ደምስሼ እንደገና ሣልኩት፣ ያው ነው። በሌላ ኮምፒውተር ሞከርኩት፣ ያው ነው። አለቃዬ ከጀርባዬ ቆሞ «ጌምህ ታመመ እንዴ?» አለኝ። የሆነ ነገር አሳስቼ አስገብቼ ይሆናል፣ አየዋለሁ ብዬ ሸኘሁት።

ለእሱ ያልነገርኩት፣ መገንጠያው ወደ አባቴ ቀበሌ የሚያስገባው ነው፣ ቤተ ክርስቲያኑም አባቴ ዕድሜ ልካቸውን የቀደሱበት ሚካኤል ነው። የቄስ ልጅ ነኝና ደግሞ መኪኖቹ የቆሙባቸውን ቦታዎች ቆጠርኳቸው። እኛ አገር ሬሳ ከቤቱ ወጥቶ ቤተ ክርስቲያን እስኪደርስ ሰባት ቦታ ያርፋል፣ በየምዕራፉ ቃሬዛው ይወርዳል፣ ፍትሐት ይደረሳል፣ ከዚያ ይነሳል። መኪኖቼ የቆሙት ሰባት ቦታ ነው። ሳቅሁ፣ እመነኝ፣ ብቻዬን ቁጭ ብዬ ሳቅሁ፣ ግን ሳቁ አልበረከተልኝም።

መንገዱን በዓይኔ ላየው ነው ብዬ መስክ ወጣሁ፣ እውነቱን ከፈለግህ አባቴን ላያቸው ነበር። ሹፌራችን ደመቀ ከደብረ ብርሃን ጀምሮ በየኩርባው የታየውን ጋኔን ሲዘረዝርልኝ ጆሮዬን አደነቆረው።

«ሁሉም እዚህ ከተሰበሰቡ አዲስ አበባ ሰላም አገኘቻ» አልኩት።

«ይሳቁ ኢንጂነር፣ ግድ የለም» አለኝ።

አባቴ ከእኔ በላይ ደህና ነበሩ። ደጃፍ ላይ ቆመው ሆዴን አየት አደረጉና «መንገድ ነው የምትሠራው ወይስ ዳቦ?» አሉኝ። እፎይ አልኩ፣ ወዲያው ደግሞ በራሴ ተናደድኩ፣ ፕሮግራም ተበላሸ ብሎ እስከ መንዝ የሚመጣ ጅል ከእኔ ሌላ የለም። ዓይናቸውን ለመታየት መሐል ሜዳ ቀጠሮ ነበራቸው፣ በየወሩ በሚኒባስ ነው የሚመላለሱት፣ በእኛ መኪና እናድርስዎ ብዬ ከጎኔ አስቀመጥኳቸው።

ከመገንጠያው ወጥተን ዋናውን መንገድ እንደያዝን ጉሙ ወረደ። ጊዜው ገና ከሰዓት በኋላ ነው፣ ግን የራሳችን መኪና አፍንጫ እንኳ አይታይም። ከፊታችን የአንድ አይሱዙ የኋላ መብራት ብቻ ይታያል፣ በሰው እርምጃ ይሄዳል። ደመቀ ክላክሱን አልነካም።

«ቅደመው እንጂ» አልኩት።

«ሬሳ አይቀደምም» አለኝ፣ ቆቡን አውልቆ ጭኑ ላይ አስቀምጧል።

የምን ሬሳ ልለው አፌን ስከፍት አይሱዙው ቆመ፣ እኛም ቆምን። ያን ጊዜ ሰማሁት፣ ቃጭል፣ አንዴ ብቻ፣ ከዚያ ብዙ እግር ጭቃ ሲረግጥ፣ የሚያለቅስ የለም፣ የሚያወራም የለም። አይሱዙው ተነሳ፣ ተነሳን፣ ትንሽ ሄዶ ደግሞ ቆመ። ቦታዎቹን አወቅኋቸው፣ ቢሮ ቁጭ ብዬ ስንት ቀን ሙሉ ያፈጠጥኩባቸው ቦታዎች ናቸው፣ እና ያ ከሰባት ዓመት ትምህርት ቤት ይዤው የወጣሁት ኩራቴ ሁሉ ጥሎኝ ሄደ፣ ፈራሁ፣ ሌላ ስም የለውም።

አባቴ መስኮቱን ዝቅ አድርገው አንገታቸውን አወጡ። «ማን ሞቶ ነው ለእኔ ሳይነገረኝ?» አሉ፣ ቅር ተሰኝተዋል እንጂ አልደነገጡም። ጥቂት አዳመጡና «ለካህን የሚደረሰው ነው» አሉ። እኔ ዜማ አልሰማሁም፣ እግሩን ብቻ ነበር የምሰማው።

«አባ፣ አሁን ደብሩ ላይ ካህን ስንት ናችሁ?» አልኳቸው።

«ሁለት ነን። ያኛው ጠዋት ኪዳን አብረን አድርሰን ወደ ራቤል ሄዷል፣ ደህና ነበር።»

ይህን ብለው በሩን ከፈቱ። እጃቸውን ያዝኩ። «ካህን ፍትሐት ሰምቶ አያልፍም፣ ልቀቀኝ» አሉና አስለቀቁኝ፣ ሁለት እርምጃ ሳይራመዱ ጉሙ ሸፈናቸው። ወርጄ ተከተልኳቸው። የአይሱዙውን ሹፌር ከፊትህ ማን ነው ብዬ ስጠይቀው «እኔ እንጃ ወንድሜ፣ መኪናው እንቢ አለኝ» አለ፣ እሱን አልፌ «አባ! አባ!» እያልኩ ሮጥኩ፣ ኮቴው ሁልጊዜ ትንሽ ከፊቴ ነው፣ ስሮጥም፣ ስቆምም። ጥርጊያው ጋ ስደርስ ድምፁ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ታጠፈና ጠፋ።

ጉሙ ገለጥ ሲል አባቴ ብቻቸውን ሲመለሱ አየኋቸው። ጭቃው ላይ ያለው ዱካ የእሳቸው ብቻ ነው። ጋቢያቸው የቀኝ ትከሻቸው ላይ ተጨማዶ ገብቷል፣ እንጨት የተሸከመ ሰው ጋቢ እንደሚሆነው።

«ማን ነው የሞተው?» አልኳቸው።

«አልጠየቅሁም፣ ሰው አጥሯቸው ነበር፣ ትንሽ ተሸከምኩላቸው» አሉ። መኪናው ውስጥ ገብተን ብዙ ከሄድን በኋላ ደግሞ «ቃሬዛው ባዶ መሰለኝ፣ ቀሎኛል» አሉና ስለ ዓይናቸው ማውራት ጀመሩ። ደመቀ ቆቡን መልሶ ያደረገው መሐል ሜዳ ስንደርስ ነው።

ቢሮ ስመለስ መኪና በተራ ይለፍ፣ ከሰዓት በኋላ ጉም ሲወርድ ደግሞ አፋፉ ጭራሽ ይዘጋ ብዬ አቀረብኩ። ሬሳ አላልኩም፣ ጉም ነው ያልኩት፣ በጉም ውስጥ የቆመ ሰልፍ ላይ ከላይ የሚመጣ አውቶቡስ ምን እንደሚያደርግ ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። አለቃዬ ግን «ጉም ፈርተን መንገድ ልንዘጋ?» ብሎ ሳቀ፣ እስከ ሰኞ ካልፈረምኩ የሚፈርም ሰው አያጣም፣ እዚህ ቤት እስክሪብቶ የያዘ ሁሉ መሐንዲስ ነው። ለአንተ እውነቱን ልንገርህ፣ እንዲዘጋ የፈለግሁት ለአውቶቡሶቹ ብዬ አይደለም፣ አባቴ በዚያ አፋፍ እንዳያልፉ ነው። ይህን ለማንም አልተነፈስኩም፣ ለደመቀም፣ ለሚስቴም።

ትናንት አባቴ ደወሉ። ስለ ልጆቹ፣ ስለ ዝናቡ ጠየቁኝና «ለእኔ ብለህ የሰው መንገድ እንዳትዘጋ» አሉኝ።

«ማን ነገረዎት?» አልኳቸው።

«ያን ቀን ከፊት የተሸከሙት ናቸው» አሉ።

ያን ቀን እኔ ገና ምንም አልወሰንኩም ነበር። የሚቀጥለውን የዓይን ቀጠሮዎን ያሳልፉት፣ እኔ መጥቼ አዲስ አበባ አሳክምዎታለሁ ብዬ ለመንኳቸው፣ ሳቁብኝ፣ እንደ ሞኝ ነው የሳቁብኝ። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ በሚኒባስ በዚያ አፋፍ ያልፋሉ።