ከሁሉ የጠራው ምስል

ዶክተር ዮፍታሄ ሞቶ የተገኘው ቀኝ እጁን ከመሣሪያው ሥር እንደዘረጋ ነው። የታፈነበት ትራስ እግሩ ሥር ወድቋል። በሞያሌዋ ትንሽ የምርምር ክሊኒክ ያለው ይህ መሣሪያ ሰውነትን በብርሃን እየመታ፣ ከውስጥ የሚመለሰውን ድምፅ ወደ ምስል ይለውጣል። ዮፍታሄ ሕመምተኛ ከመግባቱ በፊት ሁልጊዜ በገዛ እጁ ይሞክረው ነበር።

ኢንስፔክተር ሻምሳ ስትደርስ ነርሷ ሐሚዳ በካቴና ታስራ ታለቅሳለች። ክፍሉ በማቀዝቀዣ ስለሚበርድ ከሬሳው የሞተበትን ሰዓት መለየት አልተቻለም። መሣሪያው ግን የእጁን ምስል ቀትር ላይ እንዳነሳ መዝግቧል፤ ያኔ ክሊኒኩ ውስጥ የነበረችው እሷ ብቻ ናት።

«ወላሂ ማዳም፣ አልነካኋቸውም! ልጆቼ ከእኔ ሌላ ማን አላቸው?»

«ለምን ቀደም ብለሽ አልገባሽም?»

«መሣሪያው ሥራ ላይ መሆኑን የሚያሳየው ቀዩ መብራት ሲበራ አይገባም። ከመጣሁ ጀምሮ በርቶ ነበር።»

«ዶክተሩ ከሰው ተጣልቶ ያውቃል?»

«ትናንት የመሣሪያውን ባለሙያ ዴኒስን ‹የላክኸው ፍየል ነው!› እያሉ ሲጮኹበት ሰምቻለሁ። ነገሩ አልገባኝም።»

የውጭው በር ዘበኛ ሊበን ቀጠለ። «ማለዳ ዶክተሩና ዴኒስ አብረው ገቡ። ዴኒስ ብቻውን ወጥቶ በቦዳ ሞተር ተሳፍሮ ወደ ጎዶማ መንደር ሄደ። ሐሚዳ ከዚያ በኋላ ነው የመጣችው።»

ዴኒስ ተጠርቶ መጥቶ የመጨረሻውን ምስል ከፈተ። የደም ሥሮቹ እንደ ቅጠል ጅማት ጥርት ብለዋል።

«እንዴት እንዲህ ጠራ?» አለች ሻምሳ።

«ድምፁ ደካማ ነው፣ ጫጫታ ይበዛበታል። መቶ ጊዜ እናነሳና እንደራርበዋለን፤ ጫጫታው ይጠፋል፣ የደም ሥሩ ይቀራል። ይሄ ካነሳናቸው ሁሉ የጠራ ነው» አለ፤ ኩራቱን መደበቅ አልቻለም።

ሻምሳ ሦስቱንም አጠገቧ አቁማ እጇን ዘረጋች። «በል አንሳኝ።» ትንፋሿን ይዛ ድርቅ አለች። ምስሉ ግን ደብዝዞ ወጣ።

«ምን ሆነ?»

«የልብ ምት ሥሩን ያንቀሳቅሰዋል። ሁለት ዓመት የታገልነው ከእሱ ጋር…» ዴኒስ ሳይጨርሰው ምስሉን ለመዝጋት እጁን ሰነዘረ።

«ትንፋሼን ያዝኩ፤ ልቤን መያዝ ግን አልቻልኩም። ዮፍታሄ እንዴት ቻለ?» ሻምሳ ወደ ዴኒስ ዞረች። «ምስሉ ሲነሳ ልቡ ቆሞ፣ እሱም ሞቶ ነበር። ማለዳ አፈንከው፤ እጁን አስተካክለህ፣ መሣሪያው ቀትር ላይ በራሱ እንዲያነሳ አዘህ ወጣህ። ቀዩ መብራት በሩን ጠበቀልህ። ፍየሉም ይኸው ነው፤ የማይንቀሳቀስ የገበያ የፍየል ሥጋ አንስተህ የሕመምተኛ ምስል ነው ብለህ ምርምሩን ለሚከታተሉት ናይሮቢ ልከሃል። ዮፍታሄ ደረሰበት።»

ዴኒስ ወንበሩ ላይ ተዘረፈጠ። «ሊያጋልጠኝ ነበር» አለ።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» አለ ሊበን።

ካቴናው ከሐሚዳ ወደ ዴኒስ ዞረ። ሐሚዳ ነጠላ ጫማዋን ለማጥለቅ ጎንበስ ብትልም እጇ እየተንቀጠቀጠ አልታዘዝ አላት።

«ተይው፣ ይንቀጥቀጥ፤ የሕያው እጅ ነው» አለቻት ሻምሳ ጫማውን እያቀበለቻት። «ልጆችሽ ይጠብቁሻል።»