ገመዱን የነቀልኩት እኔ ነኝ

ይኼ በእውነት የደረሰ ነገር ነው። በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ዓይኔ ፊት። ጨለማ አልነበረም፣ ዝናብም አልነበረም። ከረፋዱ አምስት ሰዓት፣ ፀሐይ ወለሉ ላይ ተንጣላ...

ፊደል አልቆጠርኩም። እኔ እናገራለሁ፣ ጎረቤቴ ትጽፋለች። ቃሌን እንዳታሳምርብኝ አስጠንቅቄያታለሁ። "አሮጊቷ ቃዠች" የምትሉ ካላችሁ እዚሁ ላይ አቁሙና ወደ ሥራችሁ ሂዱ።

ልጄ አንድ ናት። ቤት ተቀምጣ በላፕቶፕ የሰው ደብዳቤ ትተረጉማለች። የድሮው ላፕቶፕ ሲሞትባት ያገለገለ ገዛች። ውስጡ የቀድሞዋ ባለቤት ፎቶ፣ ደብዳቤ፣ ምኑ ቅጡ፣ እንዳለ ነበር።

"አጥፊውና ተገላገይ" አልኳት።

"የሰው ነገር አትንኪ ብለሽ አሳድገሽኝ?" ብላ ሳቀችብኝ።

ስትፈልግ በገዛ አፌ ነው የምትመታኝ።

ስለዚህ የሴትየዋን ሳትነካ፣ የራሷን ሲስተም፣ ማሽኑን የሚያሠራውን ፕሮግራም፣ ከውጭ በሚሰካ ሃርድ ዲስክ ላይ ጫነች። የሲጋራ ፓኮ የምታህል ጥቁር ዕቃ ናት፤ በአጭር ገመድ ትሰካለች። ስትጨርስ "እማዬ፣ ትንሽ ጋደም ልበል" ብላ ሶፋው ላይ ተኛች።

እኔ ደግሞ ጠረጴዛ ልወለውል ብዬ ገመዱን ነቀልኩት።

ስክሪኑ ጠቆረ። አንዲት ነጭ መስመር ብቻ ቀረች... ጫፏ ላይ ብልጭ ድርግም የምትል ጭረት።

"አንቺ፣ ተነሽ! ዕቃሽ ተበላሸ" አልኳት።

አልተነሳችም።

ትከሻዋን ነቀነቅኳት። በጥፊ አልኳት። ውኃ ደፋሁባት። ትተነፍሳለች... ግን የለችም።

ከዚያ ገመድ በቀር የነካሁት ነገር አልነበረም። መልሼ ሰካሁትና ስታበራው ያየሁትን ቁልፍ ተጫንኩ።

ስክሪኑ በራ።

"እማዬ... ለምንድን ነው ያራስሽኝ?"

ከኋላዬ ነበረች።

አጋጣሚ ነው ብዬ ዋጥ አደረግኩት። በማግስቱ ግን "ያለ ዲስኩ ይነሳ እንደሆነ ልየው" ብላ ራሷ ነቀለችው። ገመዱ እጇ ላይ እንዳለ ከወንበሩ ወደቀች።

ሰካሁት። ተነሳች። ግንባሯ ተፈንክቷል... መውደቋን ግን አታስታውስም።

ከዚያ ወዲያ ጠረጴዛውን እንደ አራስ ጠበቅኩት። ግን እስከ መቼ? እኔ የቀረኝ ዕድሜ ስንት ነው? ስሞት ያንን ገመድ ማን ይጠብቅላታል?

ኮምፒውተር ሠሪ አስጠራሁ። ቀጭን፣ ረጅም፣ አፉ የማያርፍ ሰውዬ። በሆዴ "ብሎን" አልኩት።

"ቀላል ናት እማማ" አለ ገና ሳይቀመጥ። "ልጅዎ ስትጭን፣ ማሽኑን የሚያስነሳውን ክፍል ሳታውቀው ከውጭኛው ዲስክ ጋር አሰረችው። ዲስኩ ሲነቀል ማሽኑ ከየት እንደሚነሳ ይጠፋዋል።"

"ሰውስ?"

"ምን አሉኝ?"

"ሥራህን ሥራ።"

ልጄ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ጥፍሯን ትበላለች። እሱ ይጽፋል፣ ያጠፋል፣ ይጽፋል። አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ እጁን አፋተገ።

"አሁን በራሱ ይነሳል። ልንቀለው?"

"ቀስ ብለህ..."

ነቀለው።

ስክሪኑ ጠቆረ... ከዚያ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ በራ። ብሎን አጨበጨበ።

ዞር አልኩ። የልጄ ዓይን ተከደነ... ተከፈተ። ተመስገን ልል አፌን ስከፍት፣ ብድግ ብላ የሶፋውን ጨርቅ አራግፋ አስተካከለች። ልጄ! ከተወለደች ጀምሮ የተኛችበትን አስተካክላ የማታውቅ ልጅ!

ቀጥላ ወደ ግድግዳው ሄደች። ዝም ብላ፣ ቀጥ ብላ። ደረቁን ግድግዳ በመዳፏ ዳበሰችው፣ እጀታ እንደሚፈልግ ሰው።

"በሩ እዚህ ነበር..." አለች በሹክሹክታ።

"ልጄ..."

ዞራ አየችኝ። በአክብሮት።

"ይቅርታ... እርስዎ ማን ነዎት?"

እርስዎ! ጡቴን ጠብታ ያደገች ልጅ እርስዎ አለችኝ!

"መልሰው!" ብዬ ጮህኩ። "ገመዱን መልሰው!"

"እማማ፣ ተሠርቷል እኮ..."

"መልስ ብዬሃለሁ፣ አንተ ብሎን!"

ሰካው። ማሽኑን አጥፍቶ አስነሳው። ጥቁሩ ስክሪን ላይ ሁለት መስመር መጣ፣ ከሥራቸው ደግሞ ቁጥር። ቁጥር አውቃለሁ። አሥር... ዘጠኝ... ስምንት...

"ምንድን ነው የሚለው?"

"ከሁለቱ አንዱን ምረጡ ነው። የልጅዎን ወይም የቀድሞዋን። ቆጥሮ ከጨረሰ ራሱ..."

አንገቱን አስግጎ ስክሪኑን ደግሞ አነበበው።

"የልጄ የቱ ነው?"

"ሁለቱም..." ፊቱ አመድ መሰለ። "ሁለቱም ላይ የልጅዎ ስም ነው ያለው። እኔ አልጻፍኩትም እማማ... ልሙት፣ አልጻፍኩትም..."

ሰባት... ስድስት...

ልጄ ተመልሳ ሶፋው ላይ ተቀምጣለች። መቼ እንደተቀመጠች አላየሁም። ዓይኗ ፈጧል። ከንፈሯ ያለ ድምፅ አብሮ ይቆጥራል።

"አስቁመው!"

"የትኛውንም ቁልፍ ከነኩ መቁጠሩን ያቆ..."

እስኪጨርስ አልጠበቅኩም። ቁልፎቹን በመዳፌ ጠፈጠፍኳቸው።

አራት ላይ ቆመ።

ልጄም እንደተቀመጠች ደርቃ ቀረች። እጇ ወደ እኔ እንደተዘረጋ... አፏ እንደተከፈተ።

ብሎን የሥራ ዕቃውን ጥሎ ሄደ። ሐኪም አስመጣሁ፤ ልቧን አዳምጦ "ከባድ እንቅልፍ ነው" አለ። ዓይኗ እንደዚያ ፈጦ! ሆስፒታል እንውሰዳት ብለው ሲሸከሟት፣ ደጃፉ ጋ ስትደርስ ትንፋሿ ተቆረጠ። ወደ ሶፋው ሲመልሷት ተመለሰ።

ይኸው ሦስተኛ ቀኔ። አንደኛው መስመር ላይ ልጄ አለች። ሌላኛው ላይ ያቺ በር የምትፈልገው። አንዱን መጫን እችላለሁ፤ ጣቴ ግን እምቢ አለ። ሰው ሳልፈራ ያረጀሁ ሴት አንዲት ቁልፍ ፈራሁ።

ስለዚህ እጠብቃለሁ። በሩን ቆልፌያለሁ፤ ከጎረቤቴ በቀር ማንም አይገባም፣ እሷም ጠረጴዛው ጋ አትጠጋም። የልጄን ከንፈር በእርጥብ ጥጥ አርሳለሁ። ቁጥሩን አያለሁ።

ትናንት ቀኑን ሙሉ አራት ነበር። ማታም አራት።

ዛሬ ጠዋት ጥጡን ይዤ ጠጋ ስል፣ አፏ እንደ ትናንቱ አልተከፈተም። ከንፈሯ ሾሏል... "ሁለት" ሊል እንደተዘጋጀ ሰው።

ቀስ ብዬ ወደ ስክሪኑ ዞርኩ።

ሦስት።